ግጥም መቍጠርና ግጥም ማጥናት

ከመንዝ፣ ከግሼ ወይም ከመርሐ ቤቴ ተነሥቶ ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ የሚጀምረው በሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ነው። ለብቻው ተቀምጦ ይቈጥራል፤ በመምህሩ ፊት ይነግራል፤ መምህሩም ያርሙታል። እየበሰለ ሲሄድ ስምንት ቤት ያለውን መወድስ ይደርሳል። የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ማቅረብ ነውር ነው።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ግን ይልቁን የተዘጋጀ ግጥም ማስጠናትን መረጠ። በ1909 ዓ.ም. መንዝ የተወለዱት የክቡር ከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» በብዙ ልጆች በቃል ተጠንቷል። ይህ ጆሮን ያሠለጥናል፤ አፍን ግን ብቻውን አይፈታም። በ1953 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የኮሌጅ ቀን ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የተባለውን ግጥሙን ሲያሰማ፣ ተማሪ የራሱን ቃል በአደባባይ ለመናገር እንደሚችል ታየ።

ስለዚህ የመንዝ ልጅ የሰው ግጥም ከማጥናቱ ጋራ ሁለት ስንኝ እየቈጠረ በጓደኞቹ ፊት ቢናገርና ቢታረም የሚበጅ ይመስለናል።