ዲጂታል ቴምብር፦ ሰብሳቢው የሚገዛው ምኑን ነው?

የኦስትሪያ ፖስታ ድርጅት እ.ኤ.አ. በጁን 2019 «ክሪፕቶ ስታምፕ» የተባለ ቴምብር አወጣ። ዋጋው 6.90 ዩሮ፣ ብዛቱ 150,000 ነበር። ቴምብሩ ሁለት አካል አለው። አንዱ ደብዳቤ ላይ የሚለጠፈው ነው። ሌላው ኢቴሪየም በተባለው፣ ብዙ ኮምፒውተሮች በጋራ በሚይዙት መዝገብ ላይ የሰፈረ ዲጂታል አምሳያው ነው። አምሳያው በአምስት ቀለማት ወጥቷል፤ ጥቁሩ 78,500 ሲሆን ቀዩ ግን 1,500 ብቻ ነው።

የነባር ሰብሳቢው ጣጣ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ዲጂታሉን የሚያዝበት ምስጢራዊ ቁልፍ እንደ ሞባይል ካርድ በሚፋቅ ሽፋን ሥር ተደብቋል። ሰብሳቢ ደግሞ የሚሻው ምንም ያልተነካ ቴምብር ነው። ከፋቀ ቴምብሩን ይጎዳል፤ ካልፋቀ ዲጂታሉን ሊያዛውር አይችልም።

በሕግ ዓይንም ልዩነት አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1193 ግዙፍነት ያለውን ተንቀሳቃሽ ዕቃ በእጁ ያደረገ ሰው ባለሀብት እንደሆነ ይገምታል። የወረቀት ቴምብር እጅ በእጅ ከተሰጠ ነገሩ አለቀ። በዲጂታሉ ላይ የሚያዘው ግን ቁልፉን የሚያውቅ ነው። ቁልፉን ያየ ሻጭ ቴምብሩን ካስረከበ በኋላም ዲጂታሉን ሊወስደው ይችላል። ቁልፉ ቢጠፋ ደግሞ ምትክ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት የለም።

ስለዚህ ከሌላ ሰብሳቢ የሚገዛ ጀማሪ ሽፋኑ ያልተፋቀውን ይምረጥ። ከተፋቀ ደግሞ ዲጂታሉ ወደ ራሱ አድራሻ መዛወሩን ሳያረጋግጥ ሒሳቡን አይክፈል። አቅሙ ከፈቀደ ሁለት ገዝቶ አንዱን ይፋቅ፤ ሌላውን እንዳለ በአልበሙ ያኑር።