ፍላሽ ያጠፋው ጠገራ ብር

ሰሞኑን ከእኛ ከአንዷ ቤት የቤተ ዘመድ ጉባዔ ተቀምጦ ነበር። አያቷ ካረፉ በኋላ ከሣጥናቸው ሥር በጨርቅ የተቋጠሩ አሥራ አንድ ጠገራ ብሮች ተገኙ። ወራሾቹ አራት ልጆች ናቸው፤ አንደኛው አሜሪካ ነው የሚኖረው። ያ አጎት ስልክ ደውሎ "እንዳትሸጡ፤ መጀመሪያ ፎቶ ላኩልኝና እዚህ ለሚያውቅ ሰው ላሳይ" አለ። ጓደኛችንም ማታ፣ በሳሎኑ አምፖል ሥር፣ ፍላሽ እያበራች አሥራ አንዱንም አነሳችና ላከች። የአጎት መልስ አልዘገየም፦ "የኔ ልጅ፣ ይሄ ጠገራ ነው ወይስ ቆርኪ?"

እውነቱን ነው። በፎቶው ላይ ንግሥቲቱም የለችም፣ ንስሩም የለም። አሥራ አንድ ነጭ ክብ ብቻ።

ነገሩ እዚህ ላይ በሳቅ ቢያልቅ ኖሮ ባልጻፍን ነበር። ግን ትልቋ አክስት "እማዬ አሥራ ሁለት ነበር ያላት" አለችና ቤቱ ዝም አለ። እኛም ከዚያ ዝምታ በኋላ ነው "ለመሆኑ ሰው ዕቃውን በፎቶ ማስቀመጥ የጀመረው መቼና ለምን ነው?" ብለን ወደ ኋላ መሄድ የጀመርነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

መልሱ ከፎቶግራፍ ራሱ ጋር እኩል ዕድሜ ያለው ሆኖ አገኘነው። ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት የሚባለው እንግሊዛዊ ከ1844 እስከ 1846 በክፍል በክፍል ባወጣው፣ በፎቶግራፍ በተደገፈ መጽሐፉ ውስጥ አንዱ ሥዕል በመደርደሪያ የተደረደሩ የሸክላ ስኒዎችና ጌጦች ናቸው። ከሥሩ የጻፈው ሐሳብ የሚገርም ነው፦ ሌባ እነዚህን ዕቃዎች ቢሰርቅና ይህ ሥዕል ፍርድ ቤት ቢቀርብ አዲስ ዓይነት ማስረጃ ይሆናል ይላል። እንግዲህ የዕቃ ፎቶ ገና ሲወለድ ጀምሮ ለውበት ብቻ ሳይሆን ለምስክርነትም ታስቦ ነበር ማለት ነው።

ታልቦት ፍላሽ አልነበረውም። የነበረው ፀሐይ ብቻ ስለሆነ ቤት ውስጥ ያለ የሚመስለውን መደርደሪያ ደጅ አውጥቶ ነበር የሚያነሳው። ሌላም ነገር አስተውሏል፦ ነጭ ሸክላና ብርጭቆ አንድ ላይ ሲነሱ አይስማሙም፤ የብርጭቆው ምስል ገና ሳይጀምር የነጩ ያልቃል። ዛሬም ነጭ ስኒና ጥቁር ጀበና አንድ ላይ ለማንሳት የሞከረ ሰው ይህን ችግር ያውቀዋል። ሞባይሉ ለአንዱ ሲያደላ ሌላው ይጠፋል።

ከታልቦት አሥር ዓመት በኋላ፣ በ1854፣ የብሪቲሽ ሙዚየም ሮጀር ፌንተንን ቅርሶቹን እንዲያነሳ ቀጠረው። ስቱዲዮው የት ተሠራ? ጣሪያው ላይ። ምክንያቱም ብርሃኑ ያለው እዚያ ነበር።

ሰው ሠራሽ ብርሃን የመጣው ቀስ በቀስ ነው። ናዳር የተባለው ፈረንሳዊ በ1861 ገደማ የፓሪስን የከርሰ ምድር መቃብር በኤሌክትሪክ መብራት አነሳ። በ1887 ሁለት ጀርመናውያን ማግኒዥየም የተቀላቀለበት የፍላሽ ዱቄት ሠሩ፤ ብልጭ ሲል ጭሱ ክፍሉን የሚሞላ፣ አንዳንዴም አንሺውን የሚያቃጥል። በ1929 የፍላሽ አምፖል ለገበያ ቀረበ። ያ ሁሉ ድካም ዛሬ በሞባይላችን ጀርባ ላይ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ መብራት ሆኗል። እኛም ስላለች ብቻ እናበራታለን።

ችግሩ ቦታዋ ነው። ፍላሿ ያለችው ከሌንሱ አጠገብ ስለሆነ ብርሃኗ ፊት ለፊት ሄዶ በብሩ፣ በመስታወቱ ወይም በቫርኒሹ ላይ ነጥሮ ቀጥታ ወደ ሌንሱ ይመለሳል። በዚያ ላይ ጥላ ታጠፋለች። የሳንቲም ቅርጽ ደግሞ የሚታየው በጥላ ነው፤ እብጠቱና ጎድጓዳው ካልተለየ ፊት የለም።

ለጠገራ ብር ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። ማሪያ ትሬዛ በ1780 ሞተች፤ ብሩ ግን ከዚያ በኋላም 1780 የሚለውን ቁጥር እንደያዘ ሲቀረጽ ኖረ። ቪየና ቀርጻዋለች፤ በ1935 ሮም፣ በ1936 ደግሞ ለንደን መቅረጽ ጀምረዋል። ክብደቱም ሁሌ 28 ግራም ግድም ነው። ስለዚህ ዓመቱ ምንም አይነግረንም። የሚናገሩት ጥቃቅኖቹ ናቸው፦ በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉት ዕንቁዎች፣ የንስሩ ጭራ ላባዎች አደራደር። በ1945 አዲሱ የኢትዮጵያ ብር እስኪተካው ድረስ በገበያ ላይ ዕንቁ እየቆጠሩ ብር ይቀበሉ የነበሩት ሰዎች ይህን ከማናችንም በላይ ያውቁ ነበር። ፍላሻችን ያጠፋው እንግዲህ እነሱ የሚቆጥሩትን ነው።

ምስክርነቱን ቀላል አድርጎ የሚያይ ካለ ኩርዓተ ርእሱን ያስታውስ። ነገሥታቱ ወደ ጦር ሜዳ ይዘውት ይሄዱ የነበረው ይህ የክርስቶስ ሥዕል በ1868 ከመቅደላ ተወሰደ፤ የወሰደው ሪቻርድ ሆምዝ የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ነበር። በ1905 አንድ የእንግሊዝ የሥነ ጥበብ መጽሔት የሥዕሉን ፎቶ አወጣ። ሥዕሉ ከግለሰብ ወደ ግለሰብ እየተሸጠ ከሕዝብ ዓይን ቢርቅም ያ ፎቶ ቀርቷል። ታልቦት ያሰበው ምስክር ይህ ነው።

ወደ አሥራ አንዱ ጠገራ እንመለስ። በማግስቱ ጠዋት ሦስት ተኩል ላይ ከጓደኛችን ቤት ተሰበሰብን። ያደረግነው ይህንን ነው፤ ማንም ሊያደርገው ይችላል።

አምፖሉን አጠፋን፤ የአምፖል ቢጫና የቀን ብርሃን ሲቀላቀሉ ቀለም ያበላሻሉና። ጠረጴዛውን ፀሐይ በቀጥታ ወደማይገባበት መስኮት አስጠጋን። የክረምት ደመና ያለበት ቀን ከሆነ ደግሞ ሰማዩ ራሱ ትልቅ ለስላሳ መብራት ነው። ብሩን ግራጫ ጨርቅ ላይ አድርገን ብርሃኑ ከጎን ዝቅ ብሎ እንዲመታው አዞርነው፤ ያን ጊዜ ንግሥቲቱ ብቅ አለች። በጨለመው ወገን ነጭ ወረቀት አቆምን፤ ጥላውን ሳያጠፋ ያሳሳዋል። ሞባይሉን በሁለት ቁልል መጽሐፍ ላይ አጋደምን፤ ብርሃን ሲያንስ ካሜራው ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚያይ የእጅ መንቀጥቀጥ ያደበዝዘዋል። በሁለት ሴኮንድ ሰዓት ቆጣሪ አነሳን፤ ጣታችንም እንዳይነካው። ስክሪኑ ላይ ብሩን ነክተን ብርሃኑን ትንሽ ዝቅ አደረግን። ከጎኑ ማስመሪያ አስቀመጥን፤ የእያንዳንዱንም ፊትና ጀርባ አነሳን። ብሮቹን ግን አላጠብንም፤ አላሸንምም። የተወለወለ ብር የዕድሜውን ምልክት ያጣል።

አጎት በዚያው ምሽት ደወለ። ዘጠኙ ተመሳሳይ እንደሚመስሉ፣ የሁለቱ ጌጥ ግን ለየት ያለ መሆኑን አይቷል፤ ለሚያውቅ ሰው እስኪያሳይ ድረስ ሽያጩ ቆመ። ፎቶዎቹ ለአራቱም ልጆች ተላኩ፤ ከእንግዲህ "የኔ ያኛው ነበር" የሚል ክርክር ቢነሳ የሚታይ ነገር አለ።

የትልቋን አክስት ጥያቄ ግን የመስኮቱ ብርሃን አልመለሰውም። አሥራ ሁለተኛው ነበር ወይስ አልነበረም? ፎቶ የሚመሰክረው በተነሳበት ቀን ለነበረው ብቻ ነው። አያታችን በሕይወት ሳሉ፣ በዚያው መስኮት ሥር፣ ቋጠሯቸውን ፈተው እንዲያሳዩን የጠየቀ ከመካከላችን አልነበረም።

የእናንተ አያት ሣጥን አሁንም አልጋው ሥር ካለ፣ ነገ ጠዋት ሂዱ።