ጉሮሮና ማንቁርት፦ የሁለት ስያሜዎች ድንበር

በአማርኛችን ጉርሻ ሲያንቀንም ሆነ ድምፃችን ሲዘጋ የምንጠራው አንድ ቃል ነው፤ ጉሮሮ። ይህ ለዕለት ንግግር ይበቃል፤ ለበሽተኛ አስታማሚ ግን አይበቃም። ምክንያቱንም ታሪክ ያስረዳል።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ19ኛው ምእት ዓመት የፓሪሱ ሐኪም አርማን ትሩሶ በዘጊ አናዳ የሚታፈኑ ሕፃናትን የትንፋሽ ቧንቧ በስቶ ቱቦ በማስገባት የማዳንን ዘዴ አስፋፋ። ከዚያ በኋላ የሕፃኑ ሕይወት በአስታማሚው እጅ ነበር፤ ቱቦው በአክታ እንዳይደፈን ሌት ተቀን መጠረግ ነበረበትና። ሕመሙ ሲያልፍ ቱቦው ይወጣል፤ ቀዳዳውም ይገጥማል።

እ.ኤ.አ. በ1873 ደግሞ ቴዎዶር ቢልሮት ቪየና ላይ በካንሰር የተያዘን ማንቁርት፣ ማለትም የድምፅን መገኛ፣ በሙሉ አወጣ። ኋላ በተሻሻለው ዘዴ የትንፋሽ ቧንቧው ጫፍ ከአንገት ቆዳ ጋር ይሰፋል፤ አፍና አፍንጫ ከሳንባ ጋር ያላቸው ግንኙነትም ለዘለቄታው ይቋረጣል። እንዲህ ያለው በሽተኛ ትንፋሽ ሲያጥረው ኦክስጅን የሚሰጠው በአንገቱ ቀዳዳ እንጂ በአፉ አይደለም።

እንግዲህ ሁለቱንም «ጉሮሮው የተቀደደ» ብለን በመዝገብ ብናሰፍር፣ ተረኛዋ ነርስ በየት በኩል ትርዳው? በሽተኛው ሊያርማት ቢሻ ድምፅ የለውም። ስለዚህ የመጀመሪያውን «የትንፋሽ ቧንቧ መብሳት»፣ ሁለተኛውን «ማንቁርት ማውጣት» ብለን እንድንለይ ሐሳብ እናቀርባለን። ቃላቱ አዲስ አይደሉም፤ የሚጠበቅብን ድንበራቸውን ማክበር ነው።