የእንጀራ ድርሻና የስም ድርሻ
(በራዲዮ ከተሰማ ንግግር)

በመሥሪያ ቤት አንዱ የደብዳቤውን ረቂቅ ያዘጋጃል፥ ሌላው ይፈርምበታል፤ ደብዳቤውም በፈራሚው ስም ይወጣል። አርቃቂው ደመወዙን ስለሚቀበል፥ ፈራሚውም ኃላፊነቱን ስለሚሸከም፥ በዚህ የሚያዝን ብዙ ሰው የለም። በድርሰት ሥራ ግን ስም ራሱ ገንዘብ ነውና ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ለዚህም የሁለቱን ፈረንሳውያን ደራስያን፥ የአሌክሳንደር ዱማንና የኦጉስት ማኬን ታሪክ መመልከት ይበቃል። ዓመታቱም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ዱማ በ1802 የተወለደ፥ አያቱ ዛሬ ሃይቲ በምትባለው አገር በባርነት የኖረች ጥቁር ሴት የነበረች፥ በቲያትር ድርሰቱ ገና በወጣትነቱ ስመ ጥር የሆነ ሰው ነው። ማኬ በ1813 የተወለደ የታሪክ መምህር ነበር። ማኬ የጻፈውን አንድ የቲያትር ጨዋታ የሚቀበለው ቢያጣ፥ ባለቅኔው ዤራር ደ ኔርቫል ከዱማ ጋራ አስተዋወቀው። ዱማም ጽሑፉን አቃንቶ ሰጠውና ጨዋታው በ1839 ለሕዝብ ታየ።

ቀጥሎ ማኬ አንድ አጭር ታሪክ ይዞ መጣ፤ ዱማም አስፋፍቶ ትልቅ መጽሐፍ አደረገው። ሁለቱም ስሞች እንዲጻፉ ቢታሰብም ጋዜጠኞቹ እንቢ አሉ። በዚያን ጊዜ የፓሪስ ጋዜጦች ልብ ወለድ ታሪክን በየቀኑ ከፋፍለው ያወጡ፥ ለደራሲውም በመስመር ይከፍሉ ነበርና፥ ገዢን የሚስበው የዱማ ስም ብቻ ነው አሉ።

ከዚህ በኋላ የሥራው ልማድ ይህ ሆነ። ሁለቱ የታሪኩን አካሄድ ተማክረው ይወስናሉ፤ ማኬ የጥንት መጻሕፍትን መርምሮ የመጀመሪያውን ረቂቅ ይጽፋል፤ ዱማም እንደገና ጽፎ ንግግሩን ያሞቀዋል፥ ሰዎቹንም ሕያዋን ያደርጋቸዋል። «ሦስቱ ሙስከቴሮች» በ1844 የወጣው በዚህ አኳኋን ነው፤ «የሞንት ክሪስቶ ኮንት» እንዲሁ። ማኬም ከመምህርነት ደመወዙ እጅግ የሚበልጥ ገንዘብ አገኘ።

በ1845 ግን ኤዤን ደ ሚርኩር የሚባል ጸሐፊ ዱማን የልብ ወለድ ፋብሪካ ባለቤት አድርጎ የሚሰድብ ጽሑፍ አሳተመ። ዱማ ከሶ አስቀጣው። በዚያው ዓመት ማኬ የሚገባውን እንደ ተቀበለና መጻሕፍቱ እንደገና ቢታተሙ መብት እንደማይጠይቅ የሚገልጽ ደብዳቤ ጻፈ። በወዳጅነት ዘመን የተጻፈው ይህ ወረቀት ከጊዜ በኋላ ለራሱ እንቅፋት ሆነበት።

ዱማ በ1847 የከፈተው ቲያትር ቤት ከሠረ። በ1851 ከአበዳሪዎቹ ሸሽቶ ወደ ብራስልስ ሄደ፤ የማኬም ክፍያ ተቋረጠ። ማኬ ተካሰሰ፤ በ1858 ፍርድ ቤቱ ገንዘብ እንዲከፈለው ፈረደ፤ ስሙ በመጻሕፍቱ ላይ እንዲጻፍ ግን አልፈቀደም። የእንጀራው ድርሻ ተፈረደለት፥ የስሙ ድርሻ ቀረበት።

ዱማ በ1870 በልጁ ቤት ደኽይቶ ሞተ፤ ማኬ በ1888 ባለጸጋ ሆኖ ሞተ። በ2002 ግን የፈረንሳይ መንግሥት የዱማን አጽም በታላላቅ ሰዎች መቃብር በፓንቴዮን በክብር አሳረፈ።

ዱማን ሌባ ማለት ቀላል ነው፤ ነገር ግን እውነት አይደለም። የማኬ ረቂቅ ከታተመው መጽሐፍ ጋራ ሲተያይ ሕይወቱን የሰጠው ዱማ መሆኑ ይታያል። ሆኖም ማኬ ባይቆፍር ዱማ የሚያፈስበት ቦይ ባላገኘ ነበር። ሁለቱ በየብቻቸው ብዙ ጻፉ፤ አብረው እንደ ጻፉት ያለ ግን አልሆነላቸውም።

እንግዲህ ከባልንጀራችሁ ጋራ መጽሐፍ ለመጻፍ፥ ሥዕል ለመሣል ወይም ዜማ ለመድረስ የምታስቡ አንባብያን ሆይ፤ ገንዘቡንም ስሙንም የምትካፈሉበትን ውል ሳትጣሉ ጻፉ። ሲፋቀሩ ያልተጻፈ ውል ሲጣሉ አይጻፍምና።