የቻርሊ ቻፕሊን «ልጁ» እንደ ገና ሲታይ

ቻርሊ ቻፕሊንን የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ትንሽ ጺሙ፥ ክብ ባርኔጣው፥ የሰፋ ሱሪውና ቀጭን ከዘራው ገና ብቅ ሲሉ ትልቁም ትንሹም ለሣቅ ይዘጋጃል። እኛም በልጅነታችን «ልጁ» የተባለውን ፊልም ያየነው ለመሣቅ ብቻ ነበር። ዕድሜ ከገፋና የሠሪዎቹን ታሪክ ካነበብን በኋላ ከቤተ ሰባችን ጋር ተቀምጠን እንደ ገና በተመለከትነው ጊዜ ግን፥ ሕፃናቱ በሚሥቁበት ስፍራ እኛ ዝም አልን። ምክንያቱን ለአንባቢያችን ለመግለጽ ይህን ጽፈናል፤ ዓመታቱም ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ፊልሙ በ1921 ዓ.ም. በአሜሪካ ለሕዝብ የቀረበ ድምፅ አልባ ሥራ ነው። አንዲት ባል የሌላት ድኻ እናት፥ ባለጸጋ ያሳድግልኛል ብላ፥ አራስ ልጅዋን በአንድ ሀብታም አውቶሞቢል ውስጥ ትተወዋለች። ሌቦች አውቶሞቢሉን ይሰርቁና ሕፃኑን ባገኙ ጊዜ ከቆሻሻ አጠገብ ጥለውት ይሄዳሉ። ቻርሊ ያገኘዋል። መጀመሪያ በሌላ ሴት የልጅ ጋሪ ውስጥ ሊያስቀምጠው ይሞክራል፤ አልሆን ሲለው የመንገዱን የውሃ መውረጃ ክዳን ከፍቶ ለአንድ አፍታ ቍልቍል ይመለከታል። ተመልካቹ ይሥቃል፤ ነገር ግን ሣቁ ከምን አጠገብ እንደ ቆመ ልብ ይሏል።

የሆነ ሆኖ ያሳድገዋል። ማንቈርቈሪያ በገመድ አንጠልጥሎ ጡጦ ያበጅለታል። ከአምስት ዓመት በኋላ ሁለቱ የሥራ ባልደረቦች ይሆናሉ፤ ይኸውም ልጁ የሰውን መስኮት በድንጋይ ይሰብራል፥ ቻርሊም መስተዋት በጀርባው ተሸክሞ ሳያስበው እንደ ደረሰ ሰው ብቅ ይልና ሠርቶ ገንዘቡን ይቀበላል። ፖሊሱ ከበስተኋላ ሲመጣ ቻርሊ ልጁን እንደማያውቀው ሆኖ በእግሩ ገፋ ገፋ የሚያደርገው ነገር ዛሬም ቢታይ አይሰለችም።

ቀጥሎ ልጁ ይታመማል። የመጣው ሐኪም ቻርሊ የወለደው አባት አለመሆኑን ይረዳና ያስታውቃል፤ ከዕጓለ ማውታ ማሳደጊያ የተላኩ ሰዎችም ልጁን ነጥቀው በካሚዮን ይጭኑታል። ልጁ እጆቹን ዘርግቶ ያለቅሳል። ፊልሙ ድምፅ የለውም፥ ጩኸቱ ግን ይሰማል። ቻርሊ ከጣራ ወደ ጣራ ሮጦ በካሚዮኑ ላይ ይዘላል፥ ልጁንም አቅፎ ይስመዋል።

ይህን ቻፕሊን ከሰው አልሰማውም። በ1896 ዓ.ም.፥ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ፥ እናቱ መተዳደሪያ ስላጣች ከእርስዋና ከወንድሙ ከሲድኒ ጋር በለንደን በላምቤዝ የድኾች መጠለያ ገባ። ከዚያም ሁለቱ ልጆች ከእናታቸው ተለይተው በሐንዌል ወደሚገኘው የድኾች ልጆች ትምህርት ቤት ተላኩ። ደግሞም በሐምሌ 1919 ዓ.ም. የመጀመሪያ ልጁ በተወለደ በሦስተኛው ቀን ሞተበት፤ ብዙም ሳይቈይ ይህን ፊልም ጀመረ። ፊልሙን የወለደው ኀዘኑ ነው ብለን አንፈርድም፤ ሁለቱ መከታተላቸውን ግን ሳናነሣ ማለፍ አልቻልንም።

የልጁን ክፍል የተጫወተው በ1914 ዓ.ም. የተወለደው ጃኪ ኩጋን ነው። ቻፕሊን በ1964 ዓ.ም. ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ እንደሚተርከው፥ ልጁ አላለቅስ ቢል አባቱ፥ ካላለቀስህ በእርግጥ ለድኾች መጠለያ እንሰጥሃለን ብሎ አስፈራራው። በፊልሙ ያየነው ዕንባ እንግዲህ የእውነት ዕንባ ነው። ቻፕሊን አቅፎ ሊያባብለው ተገደደ።

ፊልሙ ጃኪን በዓለም ሁሉ አሳወቀው፤ በልጅነቱ ሦስት ወይም አራት ሚሊዮን ዶላር እንዳገኘ ይገመታል። አባቱ በ1935 ዓ.ም. በአውቶሞቢል አደጋ ሞተ። ጃኪ ለአካለ መጠን ደርሶ ገንዘቡን ቢጠይቅ እናቱና የእንጀራ አባቱ ከለከሉት፤ በዚያን ዘመን የካሊፎርኒያ ሕግ የልጅ ገቢ የወላጅ ነው ይል ነበርና። በ1938 ዓ.ም. ከሰሳቸው፤ በመጨረሻ የደረሰው 126,000 ዶላር ያህል ብቻ ነበር። በቴአትሩ እንግዳ ሰው ከጣራ ዘሎ ያዳነውን ልጅ በኑሮው የገዛ ቤቱ በዘበዘው። በ1939 ዓ.ም. ካሊፎርኒያ የሕፃናት ተዋንያን ሕግ አወጣች፤ ሕጉም በስሙ ይጠራል። ቀዳዳው ብዙ ስለ ነበረ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ከገቢው 15 በመቶው ለልጁ በአደራ እንዲቀመጥ ተሻሻለ።

ቻፕሊን በ1971 ዓ.ም.፥ በሰማንያ ሁለት ዓመቱ፥ ፊልሙን እንደ ገና አውጥቶ ራሱ የደረሰውን ሙዚቃ ጨመረበት፤ ከእናቲቱም ትዕይንቶች አንዳንዶቹን ቈርጦ ጣለ። የካሚዮኑን ትዕይንት ግን አልነካውም። ከእኛ ጋር ይመለከቱ ከነበሩት ሕፃናት ታናሺቱ ያን ስፍራ ሁለት ጊዜ አስመልሳን አየችው፤ በሁለተኛውም ጊዜ ቻርሊ ይደርስለት እንደ ሆነ ጠየቀችን።