የጣሪያ ውስጥ ጭስ፦ የአውሮፕላን እሳት ጠቋሚዎች ታሪክና የ«ንግሥተ ሳባ» አደጋ



የተወለድሁት መንዝ ነው። የቤታችን ግድግዳ ድንጋይ፣ ክዳኑ የጓሳ ሣር ነበር። ብርዱ ስለሚጠና ከምድጃው እሳት አይጠፋም፤ ቤቱም ጭስ አያጣም። አያቴ ግን የማገዶውን ጭስ ክዳኑ ሲለበለብ ከሚወጣው ጭስ በአፍንጫዋ ለይታ ታውቅ ነበር። የአውሮፕላን እሳት ጠቋሚዎችን ታሪክ ሳጠና የምትታወሰኝ እርሷ ናት፤ መሐንዲሶችን ለብዙ ዓመታት ያደከመው ይኸው የተለመደውን ካልተለመደው የመለየት ጉዳይ ነውና።

የሚሠራ ሞተር ምንጊዜም የጋለ ነው። በአንድ ነጥብ ላይ ብቻ ሙቀት የሚለካ መሣሪያ ራቅ ብሎ የተነሣውን እሳት ሊስተው ይችላል። ስለዚህ በሞተሩ ዙሪያ የሚዘረጋ ቀጭን የብረት ቱቦ ተሠራ። በአንደኛው ዓይነት በቱቦው ውስጥ ያለው ቁስ ሲግል የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ይቀንሳል፤ በሌላው ዓይነት የታመቀው ጋዝ ግፊቱ ጨምሮ ማብሪያውን ይገፋል። ሆኖም ንዝረት፣ እርጥበትና መፋተግ ሐሰተኛ ማስጠንቀቂያ ይወልዳሉ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ አብራሪው ደኅናውን ሞተር ያጠፋል፣ ሲደጋገምበትም እውነተኛውን መጠራጠር ይጀምራል። መፍትሔው ከፍርድ ሸንጎ የተወሰደ ይመስላል፦ ሁለት ቱቦዎች ጎን ለጎን ይዘረጋሉ፤ ሁለቱም ካልመሰከሩ በቀር ደወሉ አይጮኽም። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ብቻውን ይሠራል።

ይህ ሁሉ ጥበብ ግን የዋለው እሳት ይነሣበታል ተብሎ ለታሰበ ስፍራ ነው። ነሐሴ 27 ቀን 1990 ዓ.ም. ከኒውዮርክ ወደ ጄኔቫ በተነሣው የስዊስኤር 111 በረራ ላይ እሳቱ የተቀጣጠለው ከአብራሪዎቹ ክፍል አካባቢ ጣሪያ ውስጥ ነበር። በዚያ ጠቋሚ አልተተከለም፤ አብራሪዎቹን ያስጠነቀቃቸው ሽታው ነው። 229 ሰዎች አለቁ።

የእኛይቱ «ንግሥተ ሳባ» ታሪክ ከዚህ ይቀጥላል። በጥር 2005 ዓ.ም. የቦይንግ 787 አውሮፕላኖች በባትሪዎቻቸው መጋል ምክንያት ከበረራ ታገዱ። እገዳው ሲነሣ፣ ሚያዝያ 19 ቀን፣ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ በመብረር መንገደኛ የማጓጓዙን ሥራ ዳግም የጀመረችው እርሷ ነበረች። ሐምሌ 5 ቀን ግን በለንደን ሂትሮው ሰው ሳይኖርባት፣ ኃይሏም ተቋርጦ ቆማ ሳለ ከኋለኛው ጣሪያዋ ጭስ ወጣ። ጭሱን ያየው በመቆጣጠሪያ ማማው ላይ የነበረ ሠራተኛ ነው።

የብሪታንያ መርማሪዎች በ2007 ዓ.ም. ባወጡት ዘገባ መነሻውን አስታወቁ፦ አውሮፕላን ሲወድቅ ያለበትን ስፍራ የሚያሳውቀው ራዲዮ። የሊቲየም ባትሪው ሽቦዎች ተጠላልፈው በክዳኑ ሥር ተጨፍልቀው ነበር፤ አጭር ዙር ተፈጠረ፣ ባትሪውም ነደደ። ከጥሩ እገዳ ጋር የተያያዙት ባትሪዎች በዚህ አደጋ እጅ አልነበራቸውም። ለእኔ ከሽቦው ይልቅ የሚያሳስበኝ ስፍራው ነው፤ እንዲህ ያለው እሳት በበረራ ላይ ቢነሣ ኖሮ አስተናጋጆቹ ከጣሪያው መከለያ በስተጀርባ ፈልገው ሊያገኙት ይገባ ነበር።

አውሮፕላኗ ተጠግና በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ወደ አገልግሎት ተመለሰች።