ለሕክምና ትምህርት የትኛው ማኅበራዊ ሚዲያ ይመረጣል?

በመንዝ ደጋ በአንድ ጤና ጣቢያ ስሠራ ቤተ መጻሕፍቴ የእጅ ስልኬ ነበር። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በአሥራት ወልደየስ ስም የተሰየመ የጤና ሳይንስ ካምፓስ አለው። ሆኖም ከመሐል ሜዳ፣ ከግሼ ራቤል ወይም ከመርሐ ቤቴ ዓለም ከተማ ለእያንዳንዱ ሥልጠና ሥራ ጥሎ ወደዚያ መመላለስ አይቻልም። ስለዚህ የምንማረው በስልካችን ነው። ለመሆኑ የትኛው ለየትኛው ሥራ ይሻላል?

ቴሌግራም መመሪያና መጻሕፍት ለማከፋፈል ይመቻል። አንድ ግሩፕ እስከ 200,000 አባላት ይይዛል፤ እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይልም ይላክበታል። ፋይሉ በኩባንያው ሰርቨር ላይ ስለሚቀመጥ ስልክ ቢጠፋ እንኳ በአዲሱ ይገኛል። በአንጻሩ የግሩፑ መልእክት ከላኪና ከተቀባይ ውጭ እንዳይነበብ ተደርጎ የተመሰጠረ አይደለም።

ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ መልእክትን በዚህ መልክ ይመሰጥራል። ግሩፑ ከ1,024 ሰው ስለማይበልጥ በጥቂት ባለሙያዎች መካከል ለመማከር ይሻላል። ይሁን እንጂ ምስጢሩን የተቀበለ ሰው ለሌላ ከማስተላለፍ የሚከለክለው የለም።

ይህን የተማርኩት በራሴ ስህተት ነው። አንድ ጊዜ ለምክር ብዬ የደረት ራጅ ፎቶ ግሩፕ ላይ ለጠፍኩ፤ ጠርዙ ላይ የታካሚው ስም እንዳለ አላስተዋልኩም። በማግሥቱ የታካሚው ዘመድ «የወንድሜን ራጅ በስልክ አየሁት» አለኝ። የምመልሰው አጣሁ። ዛሬ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ መድቦታል።

ዩቲዩብ የእጅ ሥራን አይቶ ለመማር ተመራጭ ቢሆንም ዳታ ይበላል፤ የምስሉን ጥራት ዝቅ ማድረግ ይረዳል።

ሌላው ቁም ነገር ኔትወርክ ነው። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌግራም፣ ፌስቡክና ዩቲዩብ በመላ አገሪቱ ለወራት ተገድበው ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። በዚያን ጊዜ ማንበብ የቻለው ቀደም ብሎ ስልኩ ላይ ያወረደ ብቻ ነው።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። ሰነድ በቴሌግራም፣ ምክክር በዋትስአፕ ይሁን። ከመለጠፍዎ በፊት የታካሚውን ስም፣ የካርድ ቁጥርና ፊት ይሸፍኑ፤ ፈቃዱንም ይጠይቁ። የወሊድና የድንገተኛ ሕክምና መመሪያዎችን ግን ዛሬውኑ አውርደው ያስቀምጡ። ደም የሚፈሳት እናት ኔትወርክ እስኪመለስ አትጠብቅም።